የተቀደደው ሦስተኛ ገጽ

እስካሁን ሳስበው ያናድደኛል። የተናደድኩባቸውን ሰዎች በቅደም ተከተል ልጻፍ ብል ግን አንደኛ ላይ የራሴ ስም ይመጣል። ስለዚህ ከጋሼ ሰይፈ ሚካኤል ልጀምር።

ጋሼ ሰይፉ የእድራችን ጸሐፊ ናቸው። እዚሁ መቱ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ደረት ኪሳቸው ላይ ሦስት እስክሪብቶ አይጠፋም። ሰማያዊው ለመጻፍ ነው፣ ቀዩ ለማረም። ሦስተኛው ምን እንደሚሠራ እስከ ዛሬ አላየሁም። አንድ የስም ዝርዝር እጃቸው ከገባ፣ ከመጨረሻው ስም ሥር ሰያፍ መስመር አስምረው፣ «ከዚህ በታች ስም የለም» ብለው ጽፈው፣ ማኅተም ካላሳረፉበት እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ሳይዘጋ የተተወ ዝርዝር ሌባ ይገባበታል ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እኔም ከዝርዝር ግርጌ በሌላ ቀለም የተጨመረ ስም ብዙ አይቻለሁ።

እኔ ደግሞ የእድሩ ንብረት ያዥ ነኝ። ወልደ የሱስ እባላለሁ፤ ፍራሽና ፕላስቲክ ዕቃ እሸጣለሁ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ጎብኝቶ የተመለሰ ነው። የእድሩ ድንኳን፣ ወንበርና ድስት ከሱቄ ጀርባ ባለው መጋዘን ይቀመጣል፤ ቁልፉም ከኔ ኪስ አይወጣም። ድሮ ሰው ሲሞት ተረኞቹ መጥተው ያንኳኩና ይወስዱ ነበር። ሁለት የድንኳን ብረት ከጠፋ ወዲህ ግን ጋሼ ሰይፉ ደንብ አወጡ፦ የአምስቱ ተረኛ አባወራዎች ስም ያለበትና ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ካልመጣ መጋዘኑ አይከፈትም። እኔም ደንቡን አንብቤ ፈረምኩ። እውነቱን ለመናገር ሳላነብ ነው የፈረምኩት።

ሳያት የጎረቤቴ የእትዬ የምስራች ልጅ ናት። የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። በኮምፒውተር ትምህርት ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ ቆይታለች። ስታልፍ እጠራታለሁ።

«ኢንጂነር፣ ሬዲዮኔ ይንሿሿል፣ እስቲ እይልኝ።»

«ጋሼ ወልዴ፣ ሬዲዮ አልተማርኩም።»

«ታዲያ አራት ዓመት ምን ስትሠሪ ኖርሽ?»

«የእርስዎን ሬዲዮ የማይነካ ነገር ስማር።»

እንዲህ ነበር የምንኗኗረው። የእድሩ ዳኛ አቶ አብደታ የተራውን ደብተር አይጥና እርጥበት ሲጨርሰው ጊዜ ጠሯትና «አንቺ ልጅ፣ በኮምፒውተር አድርጊልን» አሏት። አንድ አባል ለእድሩ የሰጠው አሮጌ ኮምፒውተር ነበረን። በነጻ ሠራችልን። ጋሼ ሰይፉም የድሮውን ደብተር ከመጨረሻው መስመር ሥር አስምረው፣ «ተዘግቷል» ብለው፣ ማኅተም መትተው አስቀመጡት።

አሠራሩን ስታስረዳን እኔም ነበርኩ። አንድ መቶ አሥራ ሁለት አባወራ ነን። ሰው ሲሞት አምስት ተረኛ ይወጣል፤ ለሚቀጥለው ሞት ቀጣዮቹ አምስት ይወጣሉ። መቶ አሥራ ሁለተኛው ጋ ሲደረስ አንደኛው ይከተላል፤ ዙሩ እንደገና ይጀምራል። «ኮምፒውተሩ ዝርዝር አይደለም የያዘው» አለች ሳያት። «በር ላይ የቆመ ስም ጠሪ አድርጋችሁ ቁጠሩት። ቀጣይ ስትሉት ቀጣዩን ስም ይጠራል። አይደክመውም። ጨረስኩም አይልም።»

«ጥሩ ሠራተኛ ነዋ» አልኳት።

«‹ሁሉንም ጥራ› ያላችሁት ቀን ነው ችግሩ። እሱ መጥራቱን አያቆምም፣ እናንተ ደግሞ እስኪጨርስ ትጠብቃላችሁ።»

ጋሼ ሰይፉ መነጽራቸውን አወለቁ። «‹ሁሉንም› የሚለው የት ጋ ነው የሚነካው?»

«የለውም፣ ጋሼ።»

«መቶ አሥራ ሁለት አባወራ ነን። እንዴት ሁሉም የለውም?»

«አባላቱ ሁሉም አላቸው። ተራው ነው የሌለው።»

«ሁሉም የሌለው መዝገብ በሕይወቴ አላየሁም። ጨምሪበት።»

«እሺ፣ መቶ አሥራ ሁለት ላይ ላቁመው?»

«ነገ አባል ቢጨመርስ? ቁጥር አትገድቢብኝ። ‹ሁሉንም› ስለው ሁሉንም ይስጠኝ።»

ሦስት ቀን ተከራከሩ። በመጨረሻ የታከተችው ልጅቷ ናት። ያሉትን ጨመረችና አራት ገጽ መመሪያ ጻፈች፤ ፊቱ በአማርኛ፣ ጀርባው በኦሮምኛ። ሦስተኛው ገጽ «ጥንቃቄ» ይላል። እኔ ያስታወስኩትን ያህል እንዲህ ነበር፦

«ይህ ተራ መጨረሻ የለውም። ሁልጊዜ ስንት ስም እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ ንገሩት። ‹ሁሉንም› አትበሉት፤ እሰበስባለሁ ብሎ ኮምፒውተሩ ይደርቃል። የመጨረሻውን ስም አትጠይቁት። ስንት እንደሆነ ቁጠር አትበሉት። ከእድሩ የወጣ ሰው ስም እንዲፈልግ አትዘዙት፤ ሲዞር ይኖራል እንጂ የለም ብሎ አይመልስም።»

የመጨረሻዋን ሳነብ የሚስቴ ወንድም ትዝ አለኝና ሳቅሁ። እሱም አላውቅም ማለት አይችልም።

ወረቀቱ ለአባላት ከመባዛቱ በፊት ጋሼ ሰይፉ አዩት። አቶ አብደታ ወደ በደሌ ከተማ ሄደው ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ እኔና እሳቸው ብቻ ነን። ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆሙ።

«ምንድን ነው ይሄ? መጨረሻ የለውም፣ ይደርቃል... ይሄን አባል ፊት ላነብ ነው? ኮሚቴው የማይሠራ ዕቃ ተቀበለ ሊባል?»

«ጥንቃቄ ነው እኮ የሚለው፣ ጋሼ።»

«እኔ ነኝ የምነካው፤ ለኔ ጥንቃቄ አያስፈልገኝም።» ማስመሪያ አስደገፉና ገጹን ቀስ ብለው ቀደዱት። ንጹሕ ሥራ ነው፣ ጠርዙ እንኳ አልተቦጫጨቀም። ከዚያ አራተኛውን «3» ብለው በቀይ አረሙት።

እኔ ምን አልኩ? «አሁን ቀለል አለ» ብዬ ሳቅሁ።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ የጎሬ ሚኒባስ ይነዳ የነበረው ገዛኸኝ ሞተ። ወር ሙሉ ታሞ ነበር፤ ንጋት ላይ አረፈ። ሚስቱ ኢብሴ ከኔ ሱቅ ማዶ አትክልት የምትሸጥ ሴት ናት። በመቱ ሐምሌ ዝናብ ዘነበ ማለት ወሬ አይሆንም፤ የዚያን ዕለት ግን ጣሪያ የሚያስፈራ ዝናብ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የለቅሶ ቤቱ ግቢ በሰው ሞልቷል። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ አስከሬኑና ቅርብ ዘመዶቹ ውስጥ ናቸው። የቀረው ሰው ዝናቡ ላይ ቆሟል።

እድር ቤት ሄድኩ። ጋሼ ሰይፉ ኮምፒውተሩ ፊት ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል።

«ጋሼ፣ ወረቀቱስ?»

«እየሰበሰበ ነው።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ሰብስቦ ሲጨርስ ከመጨረሻው ስም ሥር አስምሬ፣ ተረኞቹን አወጣና ማኅተም አደርጋለሁ።»

«አምስት ብቻ አይበቃም?»

«ከየት ተቆርጦ እንደመጣ ሳላውቅ አምስት ስም ላይ ማኅተም ልምታ? ወልደ የሱስ፣ ያንተ ሥራ ቁልፍ ነው።»

አጠፉት፤ አበሩት፤ እንደገና «ሁሉንም» አሉት፤ እንደገና ደረቀ። ሦስቴ። የድሮው ደብተር እንዳይታይ በራሳቸው እጅ ተዘግቷል፤ በተዘጋ መዝገብ ላይ ደግሞ ጋሼ ሰይፉ አይጽፉም። ሳያት ጎሬ ለሥራ ፈተና ሄዳ ነበር። ደወልን። ፈተና ላይ ስልክ ይሰበስባሉና አይነሳም።

አራት ሰዓት ላይ ኢብሴ ራሷ ሱቄ መጣች። ነጠላዋ ከሰውነቷ ላይ ተጣብቋል። አላለቀሰችም። «ወልዴ፣ ማሎ፣ ሰው ዝናብ ላይ ነው» አለችኝ። እባክህ ማለቷ ነው። እኔ ወረቀቱ እየመጣ እንደሆነ ነገርኳት። ከሱቄ አሥር ሜትር ላስቲክ ቆርጬ ሰጠኋት፤ ገንዘቡንም አልነካሁም። ይህን ሳደርግ ደግሞ ደግ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። የእድሩ ድንኳን ከጀርባዬ፣ ከአንዲት ጓጉንቸር ኋላ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይም ሄድኩ፤ «እየሰበሰበ ነው» አሉኝ። ቀብሩ በዝናብ ተፈጸመ። ለቀስተኛው ተመልሶ የሚቀመጥበት አጥቶ በየጎረቤቱ በረንዳ ተበተነ። የገዛኸኝ አክስት፣ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው ሴት፣ አንድ ጎረቤት አናጺ ቤት በር ላይ ሲንቀጠቀጡ አየኋቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳያት ከጎሬ ገባች። ከባጃጅ ወርዳ በቀጥታ እድር ቤት ሄደች። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አበራችው፤ «5» ብላ ጻፈች። አምስት ስም ወጣ። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ አልቆየም። ሁለተኛው ስም የኔ ነበር።

አስቡት። ቁልፉ የኔ፣ ተራው የኔ፣ ወረቀት ጠባቂውም እኔ።

ሰው በሰማዩም በምድሩም ተናዶ ነበርና ንዴቱ የሚያርፍበት ፈለገ። በማግሥቱ ወሬው ተሠርቶ አለቀ፦ እኛ ስንነካው ደረቀ፣ እሷ ስትነካው ሠራ፤ ስለዚህ ለምነን እንድንቀጥራት አስራዋለች። ይህን መጀመሪያ ማን እንዳለው አላውቅም። ጋሼ ሰይፉ ግን «እኔ ምን አውቃለሁ፣ የተማሩት ያውቃሉ» እያሉ ይዞሩ ነበር። እሱ ደግሞ ከማለት ይብሳል።

እሁድ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። ጋሼ ሰይፉ ደብዳቤ አርቅቀው መጡ። «በቸልተኝነት ባበላሸሁት መሣሪያ ምክንያት የአባል ለቅሶ በመስተጓጎሉ ጥፋተኛ መሆኔን አምናለሁ» ይላል። ሳያት ካልፈረመች የእናቷ ስም ከእድሩ ይሰረዛል። እትዬ የምስራች ልባቸውን የሚያማቸው ሴት ናቸው፤ ሆስፒታል ሲመላለሱ ዓመት አልፏቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው ከእድር ሲሰረዝ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። እሳቸው ራሳቸው ከኋላ ወንበር ላይ ነበሩ። ጣታቸውን እያዩ ነበር።

ሳያት ተነሳች። ስትናደድ ድምፅዋ ይቀንሳል፤ ሰው ለመስማት ዝም አለ።

«የምፈርምበት ጥፋት አለኝ» አለች። «‹ሁሉንም› የሚለውን መጨመር አልነበረብኝም። አደገኛ እንደሆነ አውቃለሁ። ታክቶኝ ጨመርኩት። መቶ አሥራ ሁለት ላይም ማቆም ነበረብኝ፤ ጋሼ ሰይፉ እንቢ ቢሉም። ይሄን ጻፉልኝ፣ አሁን እፈርማለሁ። ጥንቃቄውን ግን ጽፌያለሁ፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ። ገጹ የት ነው?»

ጋሼ ሰይፉ መመሪያውን ከፍ አድርገው አሳዩ። «ይኸው ሦስተኛው ገጽ። ስለ ወረቀትና ስለ ቀለም ነው የሚያወራው።»

«እሱ አራተኛው ነው።»

«ሦስት ይላል እኮ።»

«በቀይ ነው የሚለው፣ ጋሼ።»

ሰው አጉረመረመ። አንዱ ከወዲያ «ተማርን ብለው ቁጥር ሊያስተምሩን ነው» አለ፤ ሳቅ ተነሳ። ሳያት ዞራ አየችኝ። አስተያየቷ ያንን ግድግዳችንን በስቶ የሚገባ ዓይነት ነበር። እትዬ የምስራች ከኋላ «ልጄ፣ ፈርሚና እንሂድ» ሲሉ ሰማሁ። ያን ጊዜ ነው የተነሳሁት። ቀድሜ ተነስቼ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልጻፍኩ።

«ገጹ ተቀዷል» አልኩ። «ጋሼ ሰይፉ ሲቀዱት እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።»

ጋሼ ሰይፉ ቀስ ብለው ዞሩ። «ወልደ የሱስ፣ አንተ ያን ቀን ምን አልክ?»

«ቀለል አለ ብዬ ሳቅሁ።»

«ይጻፍለት» አሉ ወደ አቶ አብደታ። ጋሼ ሰይፉ እሳት ቤታቸውን ቢበላው እንኳ ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ።

«ይጻፍ» አልኩ። «‹ሁሉንም አትበሉት› ይላል ገጹ። እሳቸው ያን ቀን ያሉት ‹ሁሉንም› ነው፤ ሦስቴ። እኔም አምስት አይበቃም ወይ ብዬ ጠይቄ፣ አይሆንም ሲሉኝ ወደ ሱቄ ተመለስኩ። ስትፈርም ሦስታችንም እንፈርም።»

ጫጫታው ሲነሳ ኢብሴ እጇን አነሳች። ጥቁር ለብሳለች። ሰው ዝም አለላት።

«ስለ ወረቀት አታውሩኝ» አለች። «ወልዴ፣ ሱቅህ መጥቼ ስለምንህ ቁልፉ የት ነበር?»

«ኪሴ ውስጥ።»

«መጋዘኑስ?»

«ከጀርባዬ።»

«ጋሪ» አለች። ጋሪ በኦሮምኛ ደህና፣ መልካም ማለት ነው። ኢብሴ ያለችው ግን መልካምነት አልነበረውም። ወደ ጋሼ ሰይፉ ዞረች። «ጋሼ፣ ይሄ ማሽን እስኪጨርስ ድረስ ስንት ቀን ሊጠብቁ ነበር?»

ጋሼ ሰይፉ ወደ ሳያት አዩ፤ ቁጥሩን እንድታቀብላቸው የጠበቁ ይመስል።

«አይጨርስም፣ ጋሼ» አለች ሳያት። «እስካሁንም ቢሆን ይሰበስብ ነበር።»

አቶ አብደታ ደብዳቤውን አጠፉና ኪሳቸው ከተቱት። የማንም ስም አይሰረዝም፤ ሞት ሲነገር መጋዘኑ መጀመሪያ ይከፈታል፣ ወረቀቱ በኋላ ይመጣል፤ መመሪያው እንደገና ተጽፎ ሳይቀነስ ይባዛል አሉ። እጅ ወጣ፣ አለፈ። ጋሼ ሰይፉ ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው «ሌላ ጸሐፊ ፈልጉ» ብለው ወጡ። በማግሥቱ ጠዋት መጥተው ወሰዱት፤ አቧራ ይገባበታል ብለው። ሳያትንም፣ እናቷንም፣ ኢብሴንም ይቅርታ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔ ኢብሴ ዘንድ ሄጄ ነበር። ሽንኩርት መዘነችልኝ፣ ሒሳቡን ተቀበለች፣ ቀጣዩን ደንበኛ ጠየቀች።

ሳያት አሥር ቀን አላናገረችኝም። ሬዲዮኔ ሲንሿሿ ትሰማለች፤ ታልፋለች። በአሥራ አንደኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሱቅ ገብታ አዲሱን መመሪያ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። «ሁሉንም» የሚለውን አውጥታዋለች፤ ገጾቹ ሁሉ ተሰፍተዋል፤ እያንዳንዱ ላይ «ከስድስት» ተብሎ ቁጥር ተጽፏል።

«ያንብቡት» አለችኝ።

«እኔ? ስምንተኛ ክፍል እኮ...»

«ለዚያ ነው። ያልገባዎት ጋ ምልክት ያድርጉ። አይሳቁ።»

አልሳቅሁም። ፍራሽ ላይ ተቀምጬ አነበብኩ፤ እሷ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ሁለት ቦታ ምልክት አደረግሁ። ሁለቱንም ጥርሷን ነክሳ እዚያው አስተካከለች። ከዚያ አንድ ነገር በሐሳቤ መጣ።

«ሞት ሳይኖር እንዲያው ቀጣዮቹ ተረኞች እነማን ናቸው ብዬ አምስት ስም ማየት ብፈልግስ? አይቼ እመልሳቸዋለሁ።»

«አይመለሱም። አንዴ ከጠራቸው አልፈዋል። ሰው ሲሞት ከስድስተኛው ይጀምራል።»

«ታዲያ አምስቱ ሳይሠሩ ሊያልፉ ነዋ? እኔ ሰኞ አንዴ፣ ጋሼ ሰይፉ ማክሰኞ አንዴ ብናይስ?»

ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀችና ገለበጠች፤ ስድስቱንም ገጽ። እንደገና ገለበጠች።

«አልጻፍኩትም» አለች። ድምፅዋ ቀንሷል። «ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም መጥቶብኝ ነበር። አልጻፍኩትም።»

«ታዲያ ጻፊዋ» አልኳት።

«እስክሪብቶ ይስጡኝ።»

ሰጠኋት። ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብላ፣ ወረቀቱን ሊበሳ እስኪደርስ እየተጫነች መጻፍ ጀመረች። ፕላስቲክ ባልዲ ሊገዛ የመጣ ሰው ከኋላዋ ቆሞ ነበር። እንዲጠብቅ በእጄ ምልክት ሰጠሁት።